ስለ አዲስ አባት ጭንቀትና ደስታ የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ በኦሪት እንደ ተጻፈ የ50ኛው ዓመት በዓል ነው። ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ባሪያው ነጻ ይወጣል፤ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ሰውም ሁሉ ወደ ወገኑ ይገባል። መጽሐፈ ኩፋሌም ከአዳም ጀምሮ ያለውን ዘመን የሚቈጥረው በኢዮቤልዩ ነው፤ አንዱን ኢዮቤልዩ 49 ዓመት እያደረገ ይሰፍረዋል። ይኸው መጽሐፍ አዳም በተፈጠረ በ40ኛው ቀን፣ ሔዋንም በተፈጠረች በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያንም ወንዱን ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴቲቱን በ80 ቀኗ ወደ ጥምቀት የምታቀርብበትን ምሥጢር ሊቃውንት ሲያስተምሩ ይህን ያነሣሉ። እንግዲህ ኢዮቤልዩና የሕፃን ክርስትና በአንድ መጽሐፍ የተገናኙ ነገሮች ናቸውና በዚህ በዓል ስለ ሕፃንና ስለ አባቱ መናገር ከነገሩ መውጣት አይደለም። ስለ ሕንፃው ስፋት፣ ስለ ንዋየ ቅድሳቱም ብዛት ሌሎች ይናገራሉ። የዚህ ንግግር ነገር ግን የመጀመሪያ ልጁን በወለደበት ወራት በአንድ ሰው ላይ የሚመጣው ጭንቀትና የሚሰጠው ደስታ ነው።

ስለ እናት ሊቃውንቱም ሕዝቡም ብዙ ብለዋል፤ ሊሉም ይገባል፤ ምጡ የእርሷ ነውና። ስለ አባት ግን የተባለው ጥቂት ነው። ከምክንያቱም አንዱ የአገር ልማድ ነው። ሴት ምጥ ሲይዛት ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ «ማርያም ማርያም» እያሉ እመቤታችንን ይማፀናሉ፤ ባልየው ግን ወደ ደጅ ይወጣል። በሬ ጠፍቶት ቢሆን ኖሮ ፍለጋ በወጣ ነበር፤ ጠላት መጥቶበት ቢሆን ኖሮ መሣሪያውን ባነሣ ነበር፤ ሙግት ተነሥቶበት ቢሆን ኖሮ ጠበቃ በፈለገ ነበር። በዚህ ሰዓት ግን ጕልበቱም ብልኀቱም ወዲያ ተቀምጦ፣ ከጆሮው በቀር የሚያገለግለው አካል አይኖረውም። እልልታው ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው መቍጠር ነው፤ በብዙ አገር 7 እልልታ ለወንድ፣ 3 እልልታ ለሴት ነውና። (ይህ የቍጥር ልዩነት ከመጻሕፍት የተቀዳ አይደለም። በግንቦት 1 ቀን፣ ለሐናና ለኢያቄም ሴት ልጅ ተወለደችላቸው ብሎ ንፍሮውን ቀቅሎ በየመንደሩ ደጅ የሚወጣ ሕዝብ በቤቱ ሴት ስትወለድለት እልልታውን መቈጠቡ የሚያስገርም ነገር ነው።) ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ይለዋል፤ ሽማግሌውም «ያሳድግልህ» ብሎ ይመርቀዋል። እርሱም «አሜን» ይላል። አሜን ያለው በምን ነገር ላይ እንደ ሆነ የሚያውቀው ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ነው።

በግእዝ «ወለደ» የሚለው ግሥ ለአባትም ለእናትም አንድ ነው፤ አብርሃም ወለደ ይባላል፤ ሣራም ወለደት ትባላለች። «ሕፃን» የሚለው ስም ግን ከሌላ ግሥ የወጣ ነው፤ ይኸውም «ሐፀነ» ነው፤ አሳደገ፣ ተንከባከበ ማለት ነው። ከዚሁም ዘር «ሕፅን» ይወጣል፤ ዕቅፍ፣ ብብት ማለት ነው። በቅኔ ቤት ግሥ ያጠና ሰው ይህን ሲመለከት የቋንቋውን አስተዋይነት ያደንቃል። ልጅ ስሙን ያገኘው ከወለደው ሰው ሥራ ሳይሆን ካቀፈው ሰው ሥራ ነውና። መውለድ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ማቀፍ ግን ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። በዚህም ሥራ አባት እንግዳ ሆኖ ይጀምራል። እናቲቱ 9 ወር ስትተዋወቀው የቈየችውን ፍጥረት እርሱ የሚያየው ገና ዛሬ ነው።

መጻሕፍትን ላነበበ ሰው የአዲስ አባት ፍርሃት አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ የላሜሕን ነገር ይተርካል። ላሜሕ ወንድ ልጅ ተወለደለት። የሕፃኑ ገላ እንደ በረዶ የነጣ፣ እንደ ጽጌ ረዳም የቀላ ነበር፤ የራሱ ጠጕር ነጭ ነበር፤ ዐይኑንም በገለጠ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ፀሐይ የገባበት መሰለ። ከአዋላጂቱም እጅ ተነሥቶ ፈጣሪውን አመሰገነ። እንደዚህ ያለ ልጅ የተወለደለት ሰው በደስታ ይዘላል እንጂ ምን ይሆናል ያሰኛል። ላሜሕ ግን ፈራ። ሕፃኑ እርሱን አልመሰለውም፤ ከሰማይ መላእክት የተወለደ መሰለው፤ በዘመኑም አንድ ታላቅ ነገር በምድር ላይ ይመጣል ብሎ ደነገጠ። ከቤቱም ሸሽቶ ወጣ።

ሸሽቶስ ወዴት ሄደ? ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሄደ። ማቱሳላም በልጁ አልሣቀበትም፤ «ወንድ ሆነህ ይህን ትፈራለህን?» ብሎ አልገሠጸውም። ያ ሁሉ ዕድሜ እያለው ተነሥቶ እስከ ምድር ዳርቻ ተጓዘ፤ አባቱን ሄኖክንም ስለ ሕፃኑ ጠየቀው። ሄኖክም ልጁ በእውነት የላሜሕ ልጅ እንደ ሆነ፣ ስሙም ኖኅ ይባል ዘንድ እንደሚገባው፣ የጥፋት ውሃ በመጣ ጊዜ እርሱና 3ቱ ልጆቹ እንደሚድኑ ነገረው። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ የደነገጠ አባትን ለማጽናናት አያትና ቅድመ አያት ደከሙ። ላሜሕ «ልጁ እኔን አይመስልም» ብሎ የጠየቀውንም ጥያቄ ሰው እስከ ዛሬ አልተወውም፤ አራስ ሊጠይቅ የገባ ሁሉ ተቀምጦ ሳያበቃ «ማንን ይመስላል?» ማለቱ የታወቀ ነው።

የአቃቂ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ይህ አገር ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱበት፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚያልፉበት ሜዳ ሲሆን ቀድሞ የገበሬና የከብት አገር ነበር። የጅቡቲ ባቡር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዓመት አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ባቡሩ ባለፈበት ፋብሪካ ተከተለ፤ የጨርቃ ጨርቁም የብረታ ብረቱም ሥራ ተተከለ፤ በቃሊቲም ጉምሩኩና የጭነት መኪናው ማደሪያ በዛ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ወደዚህ ቦታ የተሰበሰበው ሰው ከየአገሩ የመጣ ነው። ጐልማሳው መጣ፤ ሥራ ያዘ፤ አንድ ክፍል ቤት ተከራየ፤ አገባ፤ ወለደ። አባቱ ግን በአገሩ ቀርቶአል። ላሜሕ እንደ ሸሸ ሊሸሽ ቢወድ ማቱሳላ በአጠገቡ የለም።

የሚስቱ እናት ልታርሳት ትመጣለች። ቅቤውን፣ ማሩን፣ በሶውን ቋጥራ በአውቶቡስ ተሳፍራ ትደርሳለች፤ ገንፎውን ታገነፋለች፣ አጥሚቱን ታፈላለች። ቤቱ ግን አንድ ክፍል ነው። የአራሷ አልጋ፣ የአማቲቱ ፍራሽ፣ የምድጃውም ቦታ በአንድ መጋረጃ ብቻ ተለይቶአል። በአባቶቹ ልማድ ቢሆን ኖሮ ባልየው እስከ ክርስትናው ቀን ድረስ ከአራስ ቤት ራቅ ብሎ በሰነበተ ነበር፤ አሁን ግን ይውጣ ቢባል የሚገባበት ሌላ ቤት የለውም። ስለዚህ አያቱ በዕድሜው ሙሉ ያላየውን እርሱ በአንድ ሳምንት ያያል። ሚስቱ በጡቷ ሕመም ስታለቅስ ያያል፤ እትብቱ ሳይደርቅ ሕፃኑ እንዴት እንደሚታጠብ ያያል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጨርቅ መቀየርን ይማራል። ድህነት ክፉ ነገር ነው፤ ስለ ጠባብ ቤት ምስጋና ማቅረብም አይገባም። ነገር ግን ልማድ ለብዙ ዘመን ዘግቶት የኖረውን በር ይህ የአንድ ክፍል ኑሮ ሳይታሰብ እንደ ከፈተው መካድ አይቻልም። ከአማቱ ጋር በአንድ መጋረጃ ወዲህና ወዲያ ማደር የሚያሳፍር ነው ብሎ የሚያጕረመርመውም ሰው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ወራት ሲናገር በፈገግታ ነው።

መንግሥትም ለአባት ያሰበው ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከመውለዷ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወለደች በኋላም 90 የሥራ ቀን ሲሰጥ፣ ለአባት ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ሰጥቶአል። ሦስት ቀን ዮናስ በዓሣ አንበሪ ሆድ የቈየበት ጊዜ ነው። ዮናስ ግን ከዚያ ሲወጣ ወደ ነነዌ ሄደ፤ የአቃቂው ሠራተኛ የሚሄደው ወደ ሌሊት ተራው ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ለጡት ይነቃል፤ ቀኑን ከሌሊቱ አይለይም። ሌሊት በማሽን ጩኸት አድሮ ጧት ወደ ቤቱ የገባ አባት እንቅልፍ በሚሻበት ሰዓት የሕፃኑ ልቅሶ ይጀምራል። ሚስቲቱም ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። እንግዲህ ሁለት ደካሞች በአንድ ክፍል ተገናኝተው፣ ማን ይበልጥ እንደ ደከመ ይከራከራሉ። ብዙ የአዲስ ወላጆች ጠብ ሥሩ ሲመረመር ከዚህ የከፋ ምክንያት የለውም።

የጭነት መኪና ሾፌሩም ሌላ ዐይነት ፈተና አለበት። እርሱ ምጡ በመጣበት ቀን በአዋሽ ወይም በሚሌ መንገድ ላይ ይሆናል፤ ልጁ መወለዱን በጋላፊ ኬላ ተራ ይዞ ሲጠብቅ በስልክ ይሰማል። ስልኩን ወደ ሕፃኑ አፍ አስጠግተው ልቅሶውን ያሰሙታል። እርሱም በበረሃው ሙቀት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያንን ልቅሶ ደጋግሞ ይሰማል፤ ከዚያም እንደ ገና ተራው ደርሶ ይነዳል።

ይህ ሁሉ ወዴት እንደሚያደርስ ሐኪሞች መርምረዋል። ከወለዱ በኋላ በኀዘንና በጭንቀት የሚያዙ እናቶች ብቻ እንዳይደሉ ደርሰውበታል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓመት የታተመ፣ ከብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶችን የሰበሰበ ጽሑፍ ከ10 አባቶች አንዱ ያህል በዚህ ወራት ሕመም በሚባል ኀዘን እንደሚያዝ ገልጦአል። ወንድ ግን ኀዘኑን ኀዘን ብሎ አይጠራውም። ይቈጣል፤ ወይም ዝም ይላል፤ ወይም ከሥራ በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት ይገባል። በወለደ በ10ኛው ቀን ከአረቄ ቤት የማይለይ ሰው ሲታይ ሰፈሩ «ምን ዐይነት አባት ነው!» ይላል። ክፉ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ላሜሕም ሊሆን ይችላል። የንስሓ አባት ጠበል ሊረጭ ወደ አራስ ቤት በገባ ጊዜ እናቲቱንና ሕፃኑን ጠይቆ መውጣት የተለመደ ነው። ያን ጊዜ በደጅ የቆመውን ሰው ለብቻው ወስዶ «አንተስ እንዴት ሰነበትህ?» ማለት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሽሽቱን ወደ አባት ያደረገ ላሜሕ ዳነ፤ ይህም ጐልማሳ በአቃቂ ያለው አባት የንስሓ አባቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዮሴፍ አረጋዊ የጌታ ወላጅ አባት እንዳልሆነ፣ ጠባቂና አገልጋይ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እርሱ ግን ያለ መውለድ የአባትን ሥራ ሁሉ ሠራ። መልአኩ በሌሊት ተነሥ ባለው ጊዜ እስኪነጋ አልቈየም፤ ስንቅ የለኝም አላለም፤ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ወረደ። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን በዘመነ ጽጌ የሚታሰበው ይህ ስደት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ በአራቱ ወንጌላት ዮሴፍ የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። ተነሣ፣ ወሰደ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ኖረ የሚሉት ብቻ ተጽፈዋል። ሊቃውንት ስለ ብዙ ነገር የተናገሩትን ያህል ይህ ሰው በዝምታ ስለ ሠራው ሥራ ቢናገሩ ኖሮ ለአዲስ አባቶች ትልቅ ትምህርት በሆነ ነበር።

ዮሴፍ በሌሊት መነሣቱ ሌላ ነገር ያሳስባል። ሐኪሞች እናትን የሚገድለውን መዘግየት በ3 ይከፍሉታል፤ መጀመሪያው እንሂድ ብሎ ለመቍረጥ መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናው መዘግየት ነው። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ የሚሆን ነው፤ በብዙ ቤትም ቍርጡን ቃል የሚጠብቁት ከባልየው ነው። በኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 በተደረገው ቍጥሩ ወደ 412 ወርዶአል። ከ1,000 ሕፃናትም በመጀመሪያው ጥናት 97 አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በሁለተኛው 48 ሆነዋል። በሐኪም ቤትና በጤና ጣቢያ የሚወልዱት በ2000 ከ100 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሰዋል። በአቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያውም፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም በቅርብ ስለሚገኙ የመንገዱ መዘግየት እንደ ገጠሩ አይደለም። የቀረው የቃሉ መዘግየት ነው።

ልጁ ከተወለደ በኋላም የአባት ቃል የሚያስፈልግባቸው ነገሮች አሉ። ገና በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑን ቅቤ ማላስና እንገሩን ቆሻሻ ነው ብሎ አልቦ መድፋት በብዙ አገር የኖረ ልማድ ነው። አማቲቱ ይህን የምታደርገው በፍቅር ነው፤ እናቷ እንደዚህ አድርጋ አሳድጋታለችና። ነገር ግን እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ነው፤ እስከ 6 ወርም ከእናት ጡት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። እንጥል መቍረጥና ያልበቀለ ጥርስ ማውጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሴት ልጅን መግረዝ በመጻሕፍት አልታዘዘም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ከልክሎታል። አንድ ጐልማሳ አማቱን፣ ያውም ለእርሱ ብላ ከሩቅ አገር የመጣችውን ሴት፣ «እማማ፣ ይህን ተዪው» ማለት ይከብደዋል። አንገቱን ደፍቶ፣ ቃሉን አለስልሶ ቢናገር ግን ክብሯን አልነካም፤ ልጁንም ጠብቆአል።

አሁን ደግሞ ስለ ድግስ መነገር አለበት፤ በዚህ ደብር ዙሪያ ብዙ አባት የሚጨነቀው በዚህ ነውና። ወንድ ልጅ 40 ቀን ሞላው፤ ሴት ልጅ 80 ቀን ሞላት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግን አልመጡም። ለምን ቢባል አባትየው «እጄ አጥሮብኝ ነው፤ እቁቤ እስኪወጣ ነው» ይላል። እቁቡ ካልወጣለትም ይበደራል፤ በግ ይገዛል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጠላው ይጠመቃል። እንግዳው በልቶ ከሄደ በኋላ ዕዳው ይቀራል፤ የሚከፈለውም ከአራሷ ምግብ ተቀንሶ ነው። ኦሪት ስለዚህ ነገር ምን አለች? የወለደች ሴት የመንጻቷ ቀን በተፈጸመ ጊዜ የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ዋኖስ ወይም ርግብ ታምጣ፤ ጠቦት ለመግዛት ካልቻለች ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ይበቃሉ አለች። ቅዱስ ሉቃስም እመቤታችንና ዮሴፍ ሕፃኑን ወደ መቅደስ ይዘው በወጡ ጊዜ ያቀረቡት ይህን የድኾች መሥዋዕት እንደ ሆነ ጽፎአል። ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ ባደረበት ቤት የጠቦት ዋጋ አልነበረም። ዮሴፍም ጠቦት እስኪገዛ ብሎ ቀኑን አላሳለፈም፤ ከጎረቤትም አልተበደረም።

ድግስ ኃጢአት ነው የሚል ግን የለም። አብርሃም ታላቅ ግብዣ አደረገ፤ ያደረገውም ይስሐቅ ጡት በጣለበት ቀን ነው። በ100 ዓመቱ አንድ ልጅ ያገኘ ባለጠጋ ልጁ ያን የጨንቅ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ሰንጋውን ማቈየቱ ብልኀት ነው። የአቃቂው ሠራተኛም እንደ አብርሃም ቢያቈየው፣ ለዛሬው ቀን አንድ እንጀራና አንድ ቡና ከክርስትናው አባት ጋር ቢቀምስ፣ ጥምቀቱ ምንም አይጐድልበትም። እዚህ ላይ ካህናቱም የሚሠሩት አለ፤ ድግስ ያለበትን ቤት በፊት ወንበር፣ ድግስ የሌለበትን ቤት በችኰላ ማስተናገድ ሕዝቡ የሚያየው ነገር ነው።

ደግሞ ሁሉም አባት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሥርዓት አለ። ሕፃኑ ታሞ ለሞት የሚያሰጋው ቢሆን 40 ወይም 80 ቀን አይጠበቅም፤ ካህኑ ተጠርቶ ይጠመቃል። ይህን ባለማወቅ ወይም ካህኑን በሌሊት ለመቀስቀስ በማፈር ልጁን ሳያስጠምቅ የቀበረ አባት ቊስሉ ቶሎ አይሽርም። ካህን በዚህ ምክንያት በሌሊት ቢቀሰቀስ ይህ ሥራው ነው።

እናት የምትሞትበትም ጊዜ አለ። ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል በሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1886 ዓ.ም. ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ እመቤት አረፉ። ከዚያም የሐረርን ግዛት ማስተዳደሩ፣ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ የአምባ አላጌና የዐድዋ ዘመቻ መጣ። አገር የሚገዛ፣ ጦር የሚመራ ሰው እናት የሌለውን ሕፃን በቤቱ ትቶ ሲዘምት ምን እንዳሰበ የሚያውቀው እንደ እርሱ የደረሰበት ብቻ ነው። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ሲያርፉ ልጁ 13 ዓመቱ ነበር፤ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ የነገሠው እርሱ ነው። በአቃቂም ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ሕፃኑን በጡጦ የሚያሳድግ ሰው አይጠፋም፤ ደጁም ዘመቻ እንደ ሄደ ሰው ደጅ ጭር ያለ ነው። ማኅበሩና ሰንበቴው ተራ ይዞ ቢጠይቀው ይገባል።

እስከ አሁን የተነገረው ጭንቀቱ ነው፤ ደስታውስ? ደስታው እንደ ጭንቀቱ አይጮኽምና ለመናገር ያስቸግራል። ሐኪሞች እንደሚሉት አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ ይህም ከዕቅፍ እስከ አቃፊው ፊት ያለው ርቀት ነው። የቀረው ዓለም ሁሉ ለእርሱ ጭጋግ ነው። እንግዲህ ከሌሊት ተራ የተመለሰ፣ ልብሱ ዘይት ዘይት የሚሸት አባት ልጁን ባቀፈ ጊዜ፣ ለዚያ ሕፃን በዓለም ላይ የሚታይ ነገር የእርሱ ፊት ብቻ ይሆናል። አለቃው ስሙን በትክክል በማይጠራበት ፋብሪካ ሲደክም የዋለ ሰው እንደዚህ ሆኖ መታየትን ከየት ያገኘዋል? ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ሕፃኑ ፊት አይቶ መሣቅ ይጀምራል። ይህ ሣቅ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አባት ዕዳውን ሲያሰላ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲነጫነጭ፣ ምንም ባላሰበበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው በሥራ ቦታ ብቻውን ፈገግ ሲል ይታያል።

ስለ ሄኖክ በኦሪት ዘልደት የተጻፈውም ለዚህ ነገር የሚስማማ ነው። አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር እንዳደረገ የተጻፈለት ማቱሳላን ከወለደ በኋላ ነው፤ ከመውለዱ በፊት ስለነበረው ኑሮው ግን ከዓመታቱ ቍጥር በቀር የተጻፈ የለም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሕፃን አቅፎ በአንድ ክፍል ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሰው አቡነ ዘበሰማያትን በልቡ ደግሞ ደግሞ ሲል ያድራል፤ ሌላ የሚያውቀው እሹሩሩ ስለሌለውም ሊሆን ይችላል።

የክርስትናው ቀን ሲደርስ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቤተ ሰቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ሕፃኑን የሚይዘው የክርስትና አባቱ ነው፤ ለሴትም የክርስትና እናቷ ናት፤ ወላጅ አባት ወደ ኋላ ይላል። የክርስትናው አባት ስለ ሕፃኑ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅም ዞሮ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። ውሃው ሲነካው ሕፃኑ ይጮኻል። አባትየው አሁንም እንደ ምጡ ቀን በጆሮው ብቻ ይከተላል፤ ዛሬ ግን ልቅሶውን ከሌሎቹ ሕፃናት ልቅሶ ለይቶ ያውቀዋል። ከዚያም በ36 የአካሉ ክፍል ሜሮን ይቀባል፤ ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ ማዕተብ በአንገቱ ይታሰራል፤ ከቅዳሴውም በኋላ ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል።

በመጨረሻ ጸሓፊው መዝገቡን ዘርግቶ ይጠይቃል። የሕፃኑን ስም፣ የክርስትና ስሙን ይጽፋል። በዚህ አገር ቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠራበት አንድ ስም የለም፤ የአባት ስም ለልጅ ይከተላል እንጂ። «የአባት ስም?» ይላል ጸሓፊው። እንቅልፍ ያጣው ጐልማሳ ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሲመልስ እንደ ኖረ፣ በገጠር ያሉትን የአባቱን ስም ይጠራል። ጸሓፊው ብዕሩን ያነሣል፤ «የሕፃኑን አባት ነው የጠየቅሁት» ይለዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ፣ የራሱን ስም ይነግረዋል።